«ፊቴ ቀላ» ስንል፤ ከጽጌረዳ ውሃ እስከ ቶነር



በአማርኛችን «ቀይ» የሚለው ቃል ስለ ፊት ሲነገር ሁለት ነገር ይሸከማል። ቀይ፣ ጠይም፣ ጥቁር እያልን መልክ ስንለይ ኖረናልና «ቀይ ናት» ስንል መልኳ ፈካ ያለ ነው ማለታችን ነው። «ፊቷ ቀላ» ስንል ግን አንዳንዴ ሙገሳ ነው፣ አንዳንዴ ደግሞ ሕመም ነው፤ ተቆጣ፣ ነደደ፣ ተላጠ ማለት ነው። ሁለቱ ትርጉሞች በአንድ ፊት ላይ ሲገናኙ በመካከላችን አይተናል። ማዲያት ለማጥፋት ተብሎ የተገዛ ክሬም በመጀመሪያው ወር ፊትን በሙገሳው ትርጉም ያቀላል፤ ወራት ሲቆጠሩ በሕመሙ ትርጉም ያቀላዋል።

ስለዚህ ለሚቆጣና ለሚቀላ ፊት የተሠራ ቶነር ከአንዲት ደጋፊያችን በስጦታ ሲደርሰን፣ ተካፍለን ወደየቤታችን ከመሄዳችን በፊት ሁለት ሥራ ለመሥራት ተስማማን። አንደኛው፣ ፈቃደኛ የሆንን አባላት በጥንቃቄ ልንሞክረው፤ ሁለተኛው፣ ይህ «የፊት ውሃ» ከየት እንደመጣ አንብበን ለሁላችሁ ልንጽፍ። ከመካከላችን ኮስሞቲክስ በመሸጥ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ አሉ፣ በእሳት ወላፈን ፊት ቆመው እንጀራ የሚጋግሩ አሉ፣ ፊታቸው ተጎድቶ ከሰው መቀላቀል የተዉም አሉ። ሦስቱንም የሚመለከት ታሪክ ሆኖ ስላገኘነው እነሆ አቅርበነዋል።

ጽጌረዳ፣ ሰምና ዘይት

ፊትን ማቀዝቀዝና ማረጋጋት አዲስ ፈጠራ አይደለም። በሁለተኛው መቶ ክፍለ ዘመን በጴርጋሞን ተወልዶ በሮም የሠራው ሐኪም ጋሌን ንብ ሰምን፣ ዘይትን፣ ጽጌረዳንና ውሃን አዋሕዶ የሚሠራ ቅባት አስተዋውቋል። ቅባቱ ቆዳ ላይ ሲያርፍ ውሃው እየተነነ ስለሚሄድ ቅዝቃዜ ይሰማል። ዛሬ «ኮልድ ክሬም» የሚባለው የእርሱ ዝርያ ነው። ስሙ የመጣው ከዚያ ከቅዝቃዜው ነው።

የጽጌረዳ ውሃ ራሱን ችሎ የወጣው ግን ማንጠር ሲስፋፋ ነው። አረቄ አውጥታ የምታውቅ አባል ሥራውን ወዲያው ትረዳዋለች፦ ማሰሮው ይፈላል፣ እንፋሎቱ በመቃው ያልፋል፣ ሲቀዘቅዝ ይንጠባጠባል። በዘጠነኛው መቶ ክፍለ ዘመን በባግዳድ የኖረው አል ኪንዲ ስለ ሽቶና ስለ ማንጠር በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ ጽጌረዳን የማንጠር ዘዴ ይገኛል። ብዙ ሰው የጽጌረዳ ውሃን ለኢብን ሲና ይሰጠዋል፤ ነገር ግን ኢብን ሲና ከመወለዱ በፊትም ይነጠር ነበር። በፋርስ ምድር የምትገኘው የጁር ከተማ በጽጌረዳ ውሃዋ የታወቀች ነበረች፤ ዕቃውም በንግድ መንገድ ርቆ ይሄድ ነበር።

ይህ ዕቃ ለእኛም ሩቅ አይደለም። ሳዑዲ ዓረቢያ ሠርተው የተመለሱ እህቶቻችን የጣኢፍን ጽጌረዳ ያውቃሉ። ከፋርማሲ ግሊሰሪን ገዝቶ ከጽጌረዳ ውሃ ጋር ቀላቅሎ ፊትና እጅ መቀባትም በየቤታችን የቆየ ልማድ ነው። እዚህ ላይ ግን አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። አገራችን ከአፍሪካ ከኬንያ ቀጥሎ ጽጌረዳ በብዛት ወደ ውጭ የምትልክ ናት፤ ያ አበባ ግን የሚመረተው ለማስቀመጫ ዕቃ ነው፣ ፀረ ተባይ ይረጭበታል። ከአበባ እርሻ የተገኘን ጽጌረዳ አፍልቶ ፊት ላይ ማድረግ አይገባም። ለመንጠር የሚመረተው ሌላ ዝርያ ነው፤ በዋናነት በቡልጋሪያ፣ በቱርክና በኢራን ይበቅላል።

የሚያቃጥለው ውሃ

የፊት ውሃ ታሪክ ሁለት መንገድ አለው። አንዱ የሚያረጋጋው ነው፤ ሌላው የሚያቃጥለው ነው። ብዙዎቻችን በልጅነታችን የተማርነው ሁለተኛውን ነው፦ «ካላቃጠለ አይሠራም» የሚለውን።

በሰሜን አሜሪካ ምሥራቃዊ ክፍል የሚበቅል ሐማሜሊስ የሚባል ቁጥቋጦ አለ። የምድሩ ነባር ሕዝቦች ቀንበጡን ቀቅለው ለእብጠትና ለቁስል ይጠቀሙበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1846 በኒው ዮርክ ግዛት ቴሮን ፖንድ የተባለ ሰው ከነርሱ የተገኘውን ዕውቀት ይዞ የዚህን ተክል ውሃ በጠርሙስ መሸጥ ጀመረ፤ ዛሬ በየሱቁ የምናየው «ፖንድስ» የሚለው ስም ከእርሱ የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1866 ደግሞ ቶማስ ዲከንሰን በኮኔቲከት ግዛት በፋብሪካ ደረጃ ማንጠር ጀመረ። ውሃው እንዳይበላሽ አልኮል ይጨመርበታል፤ እስከ ዛሬም ብዙው የሐማሜሊስ ውሃ ወደ 14 በመቶ የሚደርስ አልኮል አለው። ዕውቀቱን ያወጡት ነባር ሕዝቦች ስማቸው በጠርሙሱ ላይ አልተጻፈም። ይህ ለማኅበራችን ሴቶች እንግዳ ነገር አይደለም።

የሚያቃጥለው መንገድ ጫፍ የደረሰው በሃያኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 በኒው ዮርክ የተመሠረተው ክሊኒክ የተባለው ድርጅት ኖርማን ኦሬንትራይክ ከተባለ የቆዳ ሐኪም ምክር ተነሥቶ ሦስት ደረጃ ያለው አሠራር አወጣ፦ በሳሙና መታጠብ፣ በጥጥ በሚቀባ ውሃ መጥረግ፣ ከዚያ ማለስለሻ መቀባት። መካከለኛው ደረጃ የሞተ ቆዳንና ቅባትን የሚጠርግ፣ አልኮል ያለበት ውሃ ነበር። ወዝ ለበዛበት ፊት የሚስማማ ሊሆን ይችላል። ለደረቀና ለሚቆጣ ፊት ግን በእሳት ላይ ቤንዚን ነው።

ከምሥራቅ የመጣው ልማድ

በጃፓን ነገሩ በሌላ መንገድ ሄደ። የፊት ውሃ እዚያ ከጥንት ጀምሮ ማጽጃ ሳይሆን ማራሻ ነበር። ሴቶች ከሉፋ ሐረግ የሚንጠባጠበውን ውሃ ሰብስበው ፊታቸውን ያርሱበታል። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ሺኪቴይ ሳምባ የተባለ የኤዶ ደራሲ ከመጻፉ ጎን ለጎን «የኤዶ ውሃ» የሚባል የፊት ውሃ እየሸጠ ይተዳደር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1872 በቶኪዮ የመድኃኒት ቤት ሆኖ የተከፈተው ሺሴይዶ ደግሞ በ1897 «ዩደርሚን» የተባለውን ውሃ አወጣ፤ ስሙ ከግሪክኛ የተገኘ ሲሆን «መልካም ቆዳ» እንደማለት ነው።

ኮሪያውያን ዛሬ በዓለም ያሰራጩት ቶነር የዚህ የማራሻ ልማድ ወገን ነው። በእነርሱ ቶነር ውስጥ «ሲካ» የሚባለውን ቃል ታያላችሁ። ሴንቴላ የምትባል፣ በእስያና በማዳጋስካር በእርጥብ ምድር ላይ የምትሳብ ትንሽ ቅጠል ናት። በእስያም በማዳጋስካርም ለቁስል ስታገለግል ኖራለች፤ ከእርሷ የተገኘው ንጥረ ነገርም በሃያኛው መቶ ክፍለ ዘመን የቁስል ቅባት ሆኗል። የደረሰን ጠርሙስ ላይ ከውሃ፣ ከግሊሰሪንና ከፓንተኖል ጋር ተዘርዝራ ያገኘናት ይህችው ናት።

ፍል ውሃ በሁለት አገር

በደቡብ ፈረንሳይ አቬን በምትባል ስፍራ የሚፈልቅ ውሃ አለ። እንደሚተረከው የአንድ መኳንንት ፈረስ በእከክ ተሠቃይቶ በዚያ ውሃ ከታጠበ በኋላ ዳነ፤ እ.ኤ.አ. በ1743 መታጠቢያ ተሠራ፤ ዛሬ ውሃው በቆርቆሮ ተሞልቶ ለሚቆጣ ፊት ይሸጣል።

የእኛ ፍል ውሃስ? እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ እየወረዱ ፍል ውሃ መታጠብ ወደዱ፤ በ1879 ዓ.ም. በአካባቢው ቤት ሠሩ፤ ከዚያም አዲስ አበባ ተቆረቆረች። የዋና ከተማችን መነሻ አንዲት ሴት ገላዋን ለማሳረፍ የመረጠችው ውሃ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም። ይህን የምናነሣው ፍል ውሃ ቶነር ነው ለማለት አይደለም። ትኩስ ውሃ ለተቆጣ ፊት አይስማማም፤ ደሙን ወደ ቆዳ እየጠራ መቅላቱን ያብሳል። ነገር ግን ውሃ ፊትና ገላን ያሳርፋል የሚለው ሐሳብ ከውጭ የመጣልን እንዳልሆነ ማወቅ ደስ ይላል።

የሳሙና ነገር

ቶነር በመጀመሪያ ለምን አስፈለገ? አንዱ መልስ ሳሙና ነው። እ.ኤ.አ. በ1928 ሻደና ማርኪዮኒኒ የተባሉ ሁለት ጀርመናውያን ሐኪሞች ጤናማ ቆዳ በላዩ ቀለል ያለ ኮምጣጣነት እንዳለው ገልጸው «የአሲድ ካባ» ብለው ሰየሙት። በፒ ኤች መለኪያ ሲታይ ቆዳ 5 አካባቢ ነው፤ ሳሙና ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከ9 እስከ 10 ነው። ሳሙና ቆሻሻውን ብቻ አይወስድም፤ ካባውንም ያወልቃል። ፊት ከታጠበ በኋላ የሚሰማን መወጠርና መጨማደድ ይህ ነው። የድሮው ቶነር የሳሙናን ቅሪት ለመጥረግና ቆዳውን ወደ ቦታው ለመመለስ የተሠራ ነበር።

ከዚህ ተነሥተን አንድ ነገር እንበል፦ ሳሙናው ከተለወጠ የቶነሩ ግማሽ ሥራ ተሠርቷል ማለት ነው። በልብስ ሳሙና ፊቷን የምትታጠብ አባል ገንዘቧን ለቶነር ከማውጣቷ በፊት ያንን ሳሙና ለልብሱ ትተወው። እናቶቻችን ልብስ በእንዶድ ሲያጥቡ እንዶድ ዓይንና አፍንጫን እንደሚቆጠቁጥ ያውቁ ስለነበር ለልብስ እንጂ ለፊት አላደረጉትም። የወንዝ ዳር እጥበት ዕውቀት መሆኑን ዓለም የተማረውም ከዚያው ነው፤ ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በአድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው፣ የቢልሃርዝያን አስተላላፊ ለመከላከል ያገለገለውን ምርምር ጀመሩ።

ቀይ የሚያደርገው ክሬም

አሁን ወደ ከበደው ምዕራፍ እንግባ። እ.ኤ.አ. በ1952 ሱልዝበርገርና ዊተን የተባሉ አሜሪካውያን ሐኪሞች ሃይድሮኮርቲዞን የተባለው ስቴሮይድ በቆዳ ላይ ሲቀባ ችፌን የመሳሰሉ በሽታዎችን እንደሚያበርድ አሳዩ። ለታመመ ሰው ትልቅ ስጦታ ነበር። በኋላ እጅግ የበረቱ ወንድሞቹ መጡ፤ ከነርሱ አንዱ ክሎቤታሶል ነው። እነዚህ ቅባቶች ቆዳን እግረ መንገዳቸውን ያነጣሉ። ነጋዴ ይህን አየ፤ ያለ ሐኪም ትእዛዝ በማቅያነት መሸጥ ጀመረ።

ፊት ስቴሮይድን ለወራት ከለመደ በኋላ ቆዳው ይሳሳል፤ ቅባቱ ሲቋረጥ ይቀላል፣ ይነድዳል፣ ብጉር መሰል ሽፍታ ያወጣል። ሴትየዋ ተሸብራ መልሳ ትቀባዋለች፤ ይበርድላታል፤ እንደገና ትታሰራለች። እ.ኤ.አ. በ1979 ክሊግማንና ፍሮሽ የተባሉ ሐኪሞች ይህን «የስቴሮይድ ሱስ» ብለው ጽፈውታል።

ሁለተኛው ሃይድሮኪኖን ነው። በደቡብ አፍሪካ በአፓርታይድ ዘመን ማቅያ ክሬም ትልቅ ንግድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1975 ፊንድሌይና ባልደረቦቹ ለረጅም ጊዜ ሃይድሮኪኖን በተቀቡ ሴቶች ፊት ላይ የሚወጣውን፣ ለመመለስ የሚያስቸግር ሰማያዊ ጥቁር ጠባሳ ዘገቡ። የማንጫ ክሬሞቹ በአገሪቱ የተከለከሉት በ1990 ነው። ሦስተኛው ሜርኩሪ ነው፤ ኩላሊትን ይጎዳል፣ በእርጉዝ ሴት በኩል ወደ ልጅ ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ2013 የጸደቀው የሚናማታ ስምምነት በማቅያ ክሬምና ሳሙና ውስጥ ሜርኩሪ እንዳይገባ ይከለክላል።

ሕግ ግን ብቻውን አይመጣም። በአሜሪካ «ላሽ ሉር» የተባለ የሽፋሽፍት ቀለም እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የሴቶችን ዓይን ሲያጠፋ በጊዜው የነበረው ሕግ ኮስሞቲክስን ስለማይመለከት ማንም ሊያስቆመው አልቻለም። የሴቶች ማኅበራት ለዓመታት ወተወቱ፣ ደብዳቤ ጻፉ፣ አደባባይ ወጡ፤ በ1938 የምግብ፣ የመድኃኒትና የኮስሞቲክስ ሕግ ወጣ። እንደ እኛ በስብሰባና በመዋጮ የሚኖሩ ማኅበራት ነበሩ።

እኛ የሞከርነው

ሙከራችን የሕክምና ጥናት አይደለም፤ አሥራ አንድ ሴቶች ተስማምተን ያደረግነው ነው። ከመጀመራችን በፊት ጀርመናዊው ሐኪም ያዳሶን እ.ኤ.አ. በ1895 ካስተዋወቀው የቆዳ ፍተሻ የተወረሰውን ቀላል ዘዴ ተከተልን፦ ቶነሩን በክንዳችን የውስጥ ክፍል ላይ ጠዋትና ማታ ለአንድ ሳምንት ቀባን። አንዷ አባል ክንዷን ስላሳከካት ፊቷ ላይ ሳታደርገው ቀረች። ይህ ብቻውን የሳምንቱን ድካም ያዋጣ ነበር።

የቀረን አሥራችን ለአራት ሳምንት ማታ ማታ ፊታችንን በለብ ያለ ውሃ ታጥበን፣ በመዳፋችን ቶነሩን እየተጫንን አስገባን። በጥጥ አላሸነውም። ጠረኑን ፈልገን አጣነው፤ ሽቶ የለበትምና። ከምጣድ ፊት የሚውሉት አባሎቻችን መወጠሩና መለብለቡ እንደቀነሰላቸው ተናገሩ። ነገር ግን በዚያው አራት ሳምንት ሳሙናም ትተው ነበር፤ ስለዚህ ምስጋናው ለቶነሩ ይሁን ለሳሙናው መቅረት በእርግጠኝነት መለየት አንችልም።

ከመካከላችን ሦስቱ ቀደም ሲል ስም የሌለው፣ በትንሽ ዕቃ ተቀላቅሎ የሚሸጥ ክሬም ለረጅም ጊዜ የተቀቡ ነበሩ። ለእነርሱ ቶነሩ ለጥቂት ደቂቃ አቀዘቀዘ እንጂ ፊታቸውን አላዳነም። ተያይዘን ወደ ቆዳ ሐኪም ሄድን። ሐኪሟ ስቴሮይድ መሆኑን ጠርጥራ፣ ቀስ በቀስ እንዴት እንደሚያቆሙ መርሐ ግብር ሰጠቻቸው። አንደኛዋ አባላችን «ውሃ ብቻ የሚበቃኝ መስሎኝ ነበር» ብላ አለቀሰች፤ አሁን ክትትሏን ቀጥላለች፤ ለዕድርም ለቡናም መውጣት ጀምራለች።

ሐኪሟ ሌላም ነገር አስተማረችን። በጠይምና በጥቁር ቆዳ ላይ መቅላት እንደ ነጭ ቆዳ ደማቅ ቀይ ሆኖ አይታይም፤ ወደ ወይን ጠጅ፣ ወደ ቡናማ ወይም ወደ አመድማ ይሄዳል። ለዚህም ነው ሮዛሺያ የሚባለው የፊት መቅላት በእኛ ላይ ብዙ ጊዜ ሳይታወቅ የሚቀረው። ቀለሙን ብቻ ሳይሆን ስሜቱን ጠይቁ፦ ያቃጥላል? ይሞቃል? ይወጋል? ፀሐይ፣ እሳት፣ በርበሬ ያብሰዋል?

ከዚህ ታሪክ የያዝነው

በጠቅላላ ስብሰባችን ተወያይተን የሚከተሉትን ተስማምተናል።

አንደኛ፣ ቶነር የግድ አይደለም። ለሚቆጣ ፊት ለብ ያለ ውሃ፣ ለስላሳ ማጠቢያና ሽቶ የሌለው ማለስለሻ ይቀድማሉ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር የፀሐይ ጎጂ ጨረር ወደ 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ስለዚህ ነጠላን ወደ ፊት ሳብ ማድረግ፣ ጃንጥላ፣ ባርኔጣና አቅም ሲፈቅድ የፀሐይ መከላከያ ከቶነር በፊት የሚመጡ ናቸው።

ሁለተኛ፣ ቶነር የምትገዛ አባል ከጠርሙሱ ጀርባ ታንብብ። አልኮል፣ ሽቶና ሜንቶል ለተቆጣ ፊት አይመከሩም፤ ግሊሰሪን፣ ፓንተኖልና ሴንቴላ ይሻላሉ። ማንበብ ለሚያስቸግራት አባል የመሠረተ ትምህርት ክፍላችን ማክሰኞ ከሰዓት አብሯት ያነባል። ቤት ውስጥ የተዘጋጀ የሩዝ ውሃም ሆነ የጽጌረዳ ውሃ ማቆያ ስለሌለው ፈጥኖ ይበላሻል፤ ለሽያጭ አይሆንም።

ሦስተኛ፣ ኮስሞቲክስ የሚሸጡ አባሎቻችን ከማኅበሩ የብድር ሣጥን በሚወስዱት ገንዘብ ይዘቱ ያልተጻፈበት፣ ወይም ስቴሮይድ፣ ሃይድሮኪኖን ወይም ሜርኩሪ ያለበት ዕቃ አይገዙም። ይህ ገቢያቸውን እንደሚነካ እናውቃለን፤ ማቅያ ክሬም ፈጥኖ የሚሸጥ ዕቃ ነው። ስለዚህ ለስድስት ወር የብድር መመለሻ ጊዜያቸው እንዲራዘም ወስነናል። ውሳኔው ቀላል አልነበረም፤ ሁለት ስብሰባ ፈጅቷል።

ደጋፊዎቻችን ሆይ፣ የፊት ዕቃ ልትልኩልን ስታስቡ ሽቶ የሌለበትን፣ ይዘቱና የሚያበቃበት ቀን የተጻፈበትን ምረጡልን። ከሁሉ በላይ ግን የሚጠቅመን የቆዳ ሐኪም የሚያዩ አባላት የምርመራና የትራንስፖርት ወጪ ነው።

እህቶቻችን፣ በቤታችሁ ስሙን የማታውቁት ክሬም ካለ ሳትጥሉት ወደ ቀጣዩ ወርኃዊ ስብሰባ ይዛችሁት ኑ። ለወራት ስትቀቡት የኖራችሁም በአንድ ጊዜ ከማቆማችሁ በፊት ሐኪም ጠይቁ። ፊቷ የተጎዳባት ጎረቤት ካለቻችሁ ደግሞ አብራችኋት ኑ፤ አባል መሆን አይጠበቅባትም።